ወደ ቆቦ ለሚሄድ እንግዳ

የቆቦ ከተማ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በራያ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በምዕራብ ደጋው፣ በምሥራቅ የዞብል ተራራ ያዋስናታል። የአገሩ ዋና እህል ማሽላ ነው።

ከደጋው ከሚወርዱት ወንዞች ብዙዎቹ በበጋ ደረቅ አሸዋ ናቸው። እንግዳም ይህን አይቶ በአሸዋው ላይ ለማረፍ ያስብ ይሆናል፤ ነገር ግን አደገኛ ነው። ምክንያቱም በደጋው ሲዘንብ፣ በሜዳው ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ድንገት ይደርሳል።

ገበሬው ግን ይህንኑ ጎርፍ ጠልፎ በቦይ ወደ እርሻው ይመራዋል፤ ዝናብ ሲያጥር ማሽላው የሚድነው በዚሁ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዱ ራያና ቆቦ ስለ ነበረ፣ የጎርፉ ዋጋ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ እንግዳ ወንዝ ከመሻገሩ በፊት የምዕራቡን ተራራ ይመልከት፤ የአገሩንም ሰው ይጠይቅ።