ቁርጥማት ከትኩሳት ጋር ሲመጣ

እናቶች ሆይ! ልጅ በድንገት ብርድ ብርድ ብሎት፣ ገላው እንደ ምጣድ ግሎ «ራሴን፣ ጉልበቴን» እያለ ሲያለቅስ ብዙ ጊዜ ምች ነው፣ ቁርጥማት ነው ይባልና ቅቤ ይቀባል፤ ወይም ወጌሻ ያሸዋል። ባቱን ሲነኩት ይጮኻል፤ ቆሞ መሄድም እንቢ ይላል። መገጣጠሚያው ግን አልወለቀም፤ ብዙውን ጊዜ እብጠትም የለው። ይህ ሕመም ግርሻ ሊሆን ይችላል።

ግርሻ እንደ ስሙ አታላይ ነው። 5 ወይም 6 ቀን ያህል ያቃጥልና ልጁን በላብ አጥምቆ በድንገት ይለቀዋል። ልጁ ይበላል፤ ይጫወታል። እናትም «ተመስገን፣ ዳነልኝ» ትላለች። አልዳነም! ሳምንት ያህል ቆይቶ ትኩሳቱም ቁርጥማቱም ይመለሳል። አንዳንዱን ያነስረዋል፤ የአንዳንዱም ዓይን ቢጫ ይሆናል። ሳይታከሙ ከቀሩት ብዙዎች ይሞታሉ።

ስለዚህ ትኩሳቱ ሳይለቅ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጀርሙ በደም ውስጥ በማይክሮስኮፕ ጎልቶ የሚታየው በትኩሳቱ ቀን ነው፤ ከወባም የሚለየው በዚሁ ነው። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። ከተሰጠ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ልጁ ሊንቀጠቀጥና ትኩሳቱ ሊብስ ይችላል፤ ጀርሙ ሲሞት የሚመጣ ነውና አትደንግጡ፤ ነገር ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ ወደ ቤት አትመልሱት።

የዚህ ጀርም ዘመድ በአሜሪካ አገር በመዥገር ይተላለፋል። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1975 ላይም በምትባል ከተማ የልጆቻቸው ጉልበት እያበጠ ያስቸገራቸው እናቶች ናቸው ሐኪሞቹን ያነቋቸው። በእኛ አገር ግርሻን የሚያመላልሰው ግን የልብስ ቅማል ነው። በስፌት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል፤ ደም ለመምጠጥ ብቻ ወደ ገላ ይወጣል። ነውር አድርገን አንየው፤ ክረምት ገብቶ ልብስ ሲደራረብ፣ ሰውም ተጠጋግቶ ሲተኛ በማንም ቤት ይራባል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናችኋለን፦ ቅማልን በጥፍር ጧ አድርጋችሁ አትጨፍልቁ! በጥርስማ ጨርሶ አይሆንም። ጀርሙ ያለው ሲጨፈለቅ በሚወጣው ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ በተቧጨረ ቆዳ ወይም ዓይን በሚያሽ እጅ ይገባል። ወደ እሳት ጣሉት፤ እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ።

የበሽተኛውንና አብረውት የሚተኙትን ልብስ በፈላ ውሃ ቀቅሉ። ማገዶ የቸገራችሁ ገላ የሚነካውን ልብስ አስቀድሙ፤ የቀሚሱን ስፌትና የመቀነቱን እጥፋት አትርሱ፤ እንቁላሉ የሚጣበቀው እዚያ ነው።