ባቡሩን የሚሸከመው ጠጠር
ለወላጆችና ለልጆች የሚሆን የጓሮ ሥራ

በሰሜን ሸዋ፣ በግሼ ወረዳ፣ ራቤል ከተማ የባቡር ሐዲድ የለም። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚሄደው መስመርም የተዘረጋው ከደጋው በስተ ምሥራቅ፣ በቆላው በኩል ነው። የራቤል ልጆች ግን ባቡርን በሥዕልና በቴሌቪዥን ያውቁታል። አንዱ ተነሥቶ “አባዬ፣ ያን ሁሉ ብረት ምን ይሸከመዋል?” ብሎ ቢጠይቅ ብዙዎቻችን “ሐዲዱ ነዋ!” ብለን እናልፋለን። ይህ መልስ ግን ግማሽ ነው። ሐዲዱን ራሱን የሚሸከመው ማንም ልብ የማይለው ጠጠር ነው።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ለልጅ በቃል ከማስረዳት ይልቅ አብሮ ሠርቶ ማሳየት ይሻላል። ለዚህም የመንዝና የግሼ ደጋ ሁለት ሀብት አለው፤ ድንጋይና ካብ መካብ የሚያውቅ እጅ።

ጠጠሩ ምን ይሠራል?

በትልቁ ባቡር ሐዲድ ሥር የሚፈሰው ጠጠር ከጠንካራ ድንጋይ የተፈለጠ፣ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጠርዙ ሹል የሆነ ነው። ከወንዝ የሚለቀም ድቡልቡል ጠጠር አይሆንም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታልና። ሹል ጠርዝ ያለው ግን እርስ በርሱ ይነካከሳል።

ሥራው ሦስት ነው። አንደኛ፣ የባቡሩን ክብደት አከፋፍሎ ወደ መሬት ያወርዳል። አባቶች “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ያሉት እዚህ ላይ ይሠራል። ሁለተኛ፣ የዝናቡን ውኃ በመካከሉ ያሳልፋል። ሦስተኛ፣ አግዳሚዎቹን ግራና ቀኝ እንዳይንሸራተቱ ይይዛል። ሐዲዱ ሲዘምም ደግሞ ጠጠሩን ጠቅጥቆ ማስተካከል ይቻላል። “በሲሚንቶ ቢታሰር አይሻልም?” የሚል ይኖራል። በሲሚንቶ ላይ የሚዘረጋ ሐዲድም አለ፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ አንዴ ከሰመጠ ወይም ከተሰነጠቀም ማቃናቱ ከባድ ነው።

የእኛው ባቡርና የጓሮው ባቡር

ከጅቡቲ የተነሣው የመጀመሪያው የአገራችን ሐዲድ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋትም ልክ 1 ሜትር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን ስፋቱ 1 ሜትር ከ43.5 ሴንቲ ሜትር ነው።

በውጭ አገር ብዙ ቤተሰቦች በአትክልት ቦታቸው ትንንሽ ባቡር ይሠራሉ። በ1968 እ.ኤ.አ. ኤል.ጂ.ቢ. የተባለው የጀርመን ባቡር ለገበያ ሲቀርብ የሐዲዱ ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ሆነ። ይህም የ1 ሜትር ሐዲድ 22 እጅ ተኩል ያህል ሲያንስ የሚገኘው ልክ ነው። ስለዚህ በ45 ሚሊ ሜትር የሚሠራ የጓሮ ሐዲድ የቀድሞው የምድር ባቡራችን ታናሽ ወንድም ነው ማለት ይቻላል።

ካቡን መካብ

3 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ ቦታ ይበቃል። በዚያ ላይ ወደ 12 ሜትር የሚጠጋ ዙሪያ ሐዲድ ይወጣል። መስመሩን ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ጎርፍ አይደርስበትም፣ ጥጃና ዶሮ በቀላሉ አይረግጡትም፣ ልጅም ቆሞ ይጫወታል፤ አያትም ሳያጎነብሱ ያያሉ።

በመጀመሪያ የላዩን አፈር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጥረጉ። በተለይ መረሬ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በእርሱ ላይ የቆመ ካብ አይጸናም። ከዚያ ትልልቁን ድንጋይ ከሥር በማድረግ፣ ከታች 60፣ ከላይ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው ወደ ውስጥ እያዘነበሉ ይካቡ። መሐሉን በስብርባሪ ድንጋይ እንጂ በአፈር አይሙሉት፤ ውኃው መውረጃ ይፈልጋልና።

ኩርባውን አያጥብቡት። ከመሐል እስከ ሐዲዱ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ኩርባ ቀላል ነገር አይደለም። በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አቅራቢያ አንድ ባቡር ኩርባ ላይ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገብቶ ከሐዲዱ በመውጣቱ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

ሐዲዱና ጠጠሩ

የተሠራ ሐዲድ ካልተገኘ 6 ቁጥር ፌሮ ያገለግላል። አግዳሚውን ከጽድ እንጨት፣ በ11 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቆርጠው በየ6 ሴንቲ ሜትሩ ያሰልፉ። ፌሮው 2 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲቀመጥ ቦታውን ጎድጎድ ያድርጉለትና በውጭ በኩል ብቻ ምስማር መትተው ጫፉን ወደ ብረቱ ያጥፉት። የውስጡ ጎን ለጎማው ከንፈር ክፍት መሆን አለበት። ጎማውን ትልቅና ትንሽ ክብ እንጨት አጣብቀው ይሥሩት፤ ትልቁ በውስጥ በኩል ይዋል። ልጆች በእጃቸው የሚገፉት ፉርጎ ለመጀመሪያ ይበቃል።

10 ሜትር ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የደጋ ሌሊት ብርድና የቀትር ፀሐይ ምን ያህል እንደሚራራቁ የራቤል ሰው ያውቃል። ስለዚህ በየ2 ሜትሩ መጋጠሚያ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ።

አሁን ተራው የጠጠሩ ነው። በግንባታ ቦታ 00 የሚባለውን ደቃቅ ጠጠር፣ ወይም ከጥቁር ድንጋይ የተፈለጠ ስብርባሪ በወንፊት ነፍተው ዱቄቱን ያስወግዱ፤ ዱቄት ውኃ ያግታል። በ15 ሴንቲ ሜትር ስፋትና በ4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማልበስ ወደ አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈጃል። ግማሹን አስቀድመው ያንጥፉ፣ ሐዲዱን ያስቀምጡ፣ በውኃ ልክ ይመልከቱ፣ ከዚያ ቀሪውን በአግዳሚዎቹ መካከል እየሞሉ በትንሽ እንጨት ይጠቅጥቁ። ጠጠሩ ከአግዳሚው ጫፍ አልፎ እንደ ትከሻ ይደገፍ። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ካለ ግን ጠጠሩን ወደ አፉ እንዳይከት ዓይን አይለየው።

ከክረምት በኋላ

ሥራው በዚህ አያበቃም። ዝናቡና በረዶው ጥቂቱን ያጥባል፣ ካቡም ትንሽ ይረግጣል። በመስከረም ሐዲዱን በዓይን ቃኝቶ የዘቀጠውን ማንሣት፣ የጎደለውን መሙላትና መጠቅጠቅ ያስፈልጋል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ዓመት ከዓመት ከተተወ ግን ባቡሩ መውደቅ ይጀምራል። የቀድሞው የምድር ባቡራችንም ለረጅም ዘመን በቂ እድሳት በማጣቱ ተዳክሞ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የነበረው ጉዞ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ተቋርጧል።

ባለትዳሮች ይህን ቢያስቡት መልካም ነው። ቤትን የሚሸከሙት ብዙ ጊዜ የሠርጉ ቀንና ትልልቁ ነገር አይደሉም፤ “እንዴት ዋልሽ?”፣ “አመሰግናለሁ”፣ “ይቅርታ” የሚሉት ጥቃቅን ጠጠሮች ናቸው። እነርሱም በየጊዜው ይታጠባሉ፤ በየጊዜውም መሞላት ይፈልጋሉ።

እስቲ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ይጥሩና የመጀመሪያውን ድንጋይ አብራችሁ አስቀምጡ። ጠጠር መንፋቱን ለትንሹ ልጅ፣ በውኃ ልክ ማየቱን ለትልቋ ይስጡ። ፉርጎው ሳይወድቅ አንድ ዙር ሲዞር፣ “ምን ይሸከመዋል?” ለሚለው ጥያቄ መልሱን ራሳቸው ይነግሯችኋል።