ድረ ገጻችሁ ጉግል ላይ እንዲገኝ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ስልኩን አውጥቶ «አጣዬ ሆቴል» ብሎ ይፈልጋል። እናንተ ሆቴልም ድረ ገጽም አላችሁ፤ ግን አትወጡም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ገጹ ውስጥ ነው። እነዚህን አስተካክሉ፦

1. ርዕስ፦ «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ የሚፈልግ የለም። «ሆቴል በአጣዬ፣ ደሴ መንገድ» በሉ። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ይኑረው።

2. ስም፦ አጣዬን ኤፌሶን የሚላት አለ፤ በዚያው መንገድ ያለችውን ሸዋ ሮቢትን አያይዞ «ሸዋሮቢት» የሚጽፍም አለ። ሁለቱንም አጠራር ወይም አጻጻፍ በተፈጥሯዊ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡ። ያለ ቦታው መደጋገም ግን ይጎዳል።

3. ጽሑፍ፦ ዋጋና አድራሻን በፖስተር ምስል ላይ ብቻ አትተዉ፤ ገጹ ላይ በፊደል ጻፉት። ለፎቶም አጭር መግለጫ ስጡት። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ አማርኛ ለጉግል ትርጉም የለሽ ምልክት ስለሆነ በዩኒኮድ ጻፉ።

4. ክብደት፦ ፎቶ አሳንሱ። መንገደኛው የሚከፍተው በሞባይል ዳታ ነው።

በገጹ ኮድ ውስጥ ለቁልፍ ቃላት በተመደበው ስውር ቦታ ቃላት በመደርደር አትድከሙ፤ ጉግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. አስታውቋል።

ዛሬ አንድ ገጽ ክፈቱ፤ ርዕሱን አስተካክሉ። ነገ ሌላውን ትቀጥላላችሁ።