ከካዛንቺስ ዳገት እስከ አዳማ ፈጣን መንገድ፦ አየር ከመኪና ጉልበት የሚወስደው ድርሻ

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከመስቀል አደባባይ ተነስታ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል ወደ ካዛንቺስ የምትወጣ መኪና ሞተሯ የሚያጓራው ከክብደቷና ከዳገቱ የተነሳ ነው። 1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ፣ ዳገቱ ብቻውን ስድስት ተኩል ያህል የፈረስ ጉልበት ይጠይቃታል። የጎማና የአስፋልት መፋተግ አንድ ተኩል ገደማ ይጨምራል። አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልጋት ግን ከአንድ የፈረስ ጉልበት ሩብ አይበልጥም።

ይህችው መኪና በ2007 ዓ.ም. ወደተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ስትገባ ነገሩ ይገለበጣል። በተፈቀደው 120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ በሜዳ ላይ፣ ጎማ ስድስት የፈረስ ጉልበት ገደማ ሲወስድ አየር ወደ 15 ይወስዳል። እንግዲህ በከተማ ውስጥ ከቁጥር የማይገባው አየር በፈጣን መንገድ ላይ ዋናው ዕዳ አስከፋይ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪናዋ በአንድ ሰከንድ የምትጋፋው አየር እጥፍ ይሆናል፤ ያንኑ አየር የምትገፋበት ፍጥነትም እጥፍ ነው። ስለዚህ የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ያድጋል። ያን ግፊት ተቋቁማ በዚያው ሰከንድ የምትሄደው ርቀት ደግሞ እጥፍ በመሆኑ፣ ከሞተር የሚፈለገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ይደርሳል።

የመኪና የመጨረሻ ፍጥነትም የሚወሰነው በዚሁ ሕግ ነው። የሞተሩ ጉልበት ከአየርና ከጎማ ተቃውሞ ጋር እኩል የሆነበት ቦታ ጣሪያው ነው። 1,001 የፈረስ ጉልበት ያለው ቡጋቲ ቬይሮን 407 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉልበቱ ወደ 1,200 ከፍ ያለው ሱፐር ስፖርት ደግሞ 431 ደረሰ። ጉልበት 20 በመቶ ሲጨመር ፍጥነት ያደገው 6 በመቶ ብቻ ነው።

ጉልበት መጨመር ይህን ያህል ከከበደ፣ ሌላው መንገድ ቅርጽን ማስተካከል ነው። አየር መኪናን ከፊት ይገፋል፤ ከኋላ ደግሞ ክፍተት ትቶ ወደ ኋላ ይስባል። ስለዚህ የፊት ስፋትም የኋላ አቆራረጥም ዋጋ አላቸው። የመሐንዲሶች የቅርጽ መለኪያ አነስ ሲል መኪናው አየርን በቀላሉ ያሳልፋል። እ.ኤ.አ. በ1921 የቀረበው የጀርመኑ ሩምፕለር መኪና ከብዙ ዓመታት በኋላ ሲለካ 0.28 ተገኝቶበታል፤ የመርሴዲስ ኢኪውኤስ 0.20 ነው። ረጅሙ ሃይሩፍ ሚኒባስ ግን ፊቱ ሰፊ፣ ኋላው እንደ ግድግዳ የተቆረጠ ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ዕቃ ሲከመርበት የሚጋፋው አየር ይብስበታል።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ተቃውሞው በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነገር ግን ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ጉልበቱም በሩብ ገደማ ይወርዳል፤ በአንድ በኩል የተገኘው በሌላው ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን አየር ስለማይተነፍስ ትርፉ ብቻ ይቀርለታል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ልዩነት የብዙ አሽከርካሪ ጉዳይ ሆኗል።

ሆኖም የኤሌክትሪክ መኪናም ከአየር ዕዳ አያመልጥም። ከካዛንቺስ ቁልቁል ሲወርድ ወይም መብራት ላይ ፍሬን ሲይዝ ከፊሉን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። በፈጣን መንገድ አየር የወሰደው ግን አይመለስም፤ የአየር ተቃውሞ ከዳገት የሚለየው በዚህ ነው።

ስለዚህ በከተማ ውስጥ የሚጠቅመው ክብደት መቀነስና ቀስ ብሎ ነዳጅ መስጠት ነው። ወደ አዳማ ስትወጡ ግን ባዶውን ፖርቶመጋላ አውርዱ፣ መስኮት ዝጉ፣ ከ120 ወደ 100 ዝቅ በሉ። በ80 ኪሎ ሜትር ጉዞ የምታጡት ስምንት ደቂቃ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን 30 በመቶ ገደማ ይቀልላችኋል።