«ጃንክ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና የአማርኛ አቻዎቹ

«ጃንክ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ተርጓሚዎቻችን ብዙውን ጊዜ «ቆሻሻ» እያሉ ያልፉታል። ይህ ፍች ቃሉ ከተነሣበትም ሆነ ዛሬ ከሚያገለግልበት ጉዳይ የራቀ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቃሉ በመጀመሪያ የመርከበኞች ነበር። ያረጀ የመርከብ ገመድ በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገመዱ አይጣልም፤ ተቆራርጦ ቃጫው ይፈታና የሳንቃው ስንጥቅ ይወተፍበታል። ኋላ ትርጉሙ ሰፍቶ ማናቸውንም አሮጌ ዕቃ፣ ቀጥሎም ዋጋ ቢስ ነገርን ሁሉ የሚያመለክት ሆነ። (የቻይና መርከብ የሚጠራበት «ጃንክ» በድምፅ ቢመሳሰልም ሌላ ቃል ነው።)

አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ አይደለም። «ጥራጊ» ከጠረገ፣ «ውዳቂ» ከወደቀ፣ «ፍርስራሽ» ከፈራረሰ፣ «ውራጅ» ከወረደ ይወጣሉ። እነዚህ ቃላት ዕቃው ከቦታው ወይም ከባለቤቱ እንዴት እንደ ተለየ ይናገራሉ እንጂ ዋጋ የለውም ብለው አይፈርዱም። ከ«ጣለ» የወጣው «ጥሎሽ» የሙሽራ ስጦታ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። «ቆሻሻ» ግን ይፈርዳል።

ልዩነቱን ለማየት ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ካዛንቺስ እንሂድ፤ ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞች ከታነጹት «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። «ቆራሌው!» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው ጠርሙስ፣ ጣሳና ብረት ይገዛል፤ «ልዋጭ!» የሚለውም ያረጀ ልብስና ጫማ ወስዶ የቤት ዕቃ ይሰጣል። ሁለቱም የሚጣራው ሊሸጥ ወይም ሊለወጥ የሚችል ነገር ላለው ሰው ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ነባር ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ጉዳዩ ከመዝገበ ቃላት ያለፈ እንደ ሆነ ታሰበን። አንድ የውል ወይም የካሳ ሰነድ «ጃንክ»ን «ቆሻሻ» ብሎ ቢተረጉም፣ የፈረሰው ቤት ቆርቆሮ፣ በርና መስኮት ባለቤት የሌለው ጥራጊ ሆኖ ይነበባል። «አሮጌ ዕቃ» ቢል ግን ንብረትነቱ አይጠፋም፤ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ ዳኛ ፊትም ይጠየቅበታል።

ስለዚህ ለሚሸጠውና ለሚለወጠው «አሮጌ ዕቃ»፣ ለብረቱ «ቁርጥራጭ ብረት»፣ ለነቀፌታው «እርባና ቢስ» እንዲባል፣ «ቆሻሻ»ም ለሚጣለው ብቻ እንዲቀር እንመክራለን። «ጃንክ ፉድ» ይህን አከፋፈል አይቀበልም፤ «ቆሻሻ ምግብ» ቢባል አንባቢው የተበላሸ ምግብ መስሎት ይስታልና ለጊዜው በገለጻ ቢተረጎም ይሻላል።