ያውቁ ኖሯል? የደባርቅ ፀሐይ፣ የደባርቅ ብርድ

ደባርቅ ላይ ፀሐይ ከሁሉም ከፍ የምትለው ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? የአገራችን ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ የምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ደባርቅ ግን 38 ዲግሪ አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት የፀሐይዋ እኩለ ቀን እንደ ወሩ ከ6 ሰዓት ከ12 እስከ 6 ሰዓት ከ42 ይደርሳል። ሶላር ለሚተክል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። በታኅሣሥ አጋማሽ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ግቢዎ ውስጥ ቀጥ ያለ እንጨት ያቁሙ፤ ጥላው የሚያመለክተው ትክክለኛውን ሰሜን ነው። ፓኔሉ ፊቱን የሚያዞረው ከጥላው በተቃራኒ፣ ወደ ደቡብ ነው። የስልክ ኮምፓስ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ይዛባል፣ የእንጨቱ ጥላ ግን አይዛባም።

ፀሐይ ደባርቅ ላይ በትክክል አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ ሚያዝያ 17 እና ነሐሴ 12 አካባቢ። በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት እኩለ ቀን ላይ የምትገኘው በሰሜን በኩል ነው። ስለዚህ ፓኔሉን እንደ አውሮፓ ጣሪያ ማቀርቀር አያስፈልግም፣ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ይበቃል። 2 ሜትር ርዝመት ላለው ፓኔል የሰሜኑ ጫፍ ከደቡቡ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል ልኩ ያ ነው። ይህች ተዳፋት ዝናቡ አቧራውን አጥቦ እንዲወርድም ታግዛለች። ሚያዝያ 17 ሌላም ታሪክ አላት። አሜሪካ ውስጥ የቤል ቤተ ሙከራ ሳይንቲስቶች የመጀመሪያውን ተግባራዊ የሲሊከን የፀሐይ ሴል ለሕዝብ ያሳዩት በ1946 ዓ.ም. በዚሁ ዕለት ነበር። ያ ሴል ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 6 በመቶ ገደማውን ነበር፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ፓኔል ከ20 በመቶ በላይ ይቀይራል።

ብርድ ለፓኔል ጥሩ ነው። ፓኔሉ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር በየዲግሪው ከኃይሉ 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል። በጠራራ ፀሐይ ሞቃቱ መተማ ላይ የተተከለ ፓኔል ያንኑ ብርሃን ይዞ ከደባርቁ ወንድሙ ያነሰ የሚያመነጨው ለዚህ ነው። ጣሪያ ላይ ሲታሰር ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ነፋስ በሥሩ እንዲያልፍ የሚደረግበትም ምክንያት ይኸው ነው።

ይኸው ብርድ ግን ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ኮንትሮለር ያቃጥላል። ነገሩን በቁጥር ልንገርዎ። ጀርባቸው ላይ 49 ቮልት የተጻፈባቸው ሁለት ፓኔሎች በሲሪየስ (በተከታታይ) ሲያያዙ 98 ቮልት ይሰጣሉ። ኮንትሮለሩ ላይ «እስከ 100 ቮልት» የሚል ስላለ ሠራተኛው ልቡ ሞልቶ ያገናኘዋል። የፓኔሉ ቁጥር የተለካው ግን በ25 ዲግሪ ነው። በኅዳር ውርጭ፣ ንጋት ላይ ፓኔሉ 2 ዲግሪ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያዋ ጮራ ስታርፍበት ቮልቱ በ6 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ 104 ይደርሳል። ኮንትሮለሩ ያለ ምንም ጩኸት ይሞታል፤ ባለቤቱም «ትናንት ይሠራ ነበር» ይላል። እውነቱን ነው፣ ትናንት ይሠራ ነበር። ለደጋ አገር ቢያንስ 15 በመቶ ትርፍ ይተዉ።

ብዙ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ የሚለውጠው) መመሪያው ላይ «እስከ 2000 ሜትር ከፍታ» የሚል ገደብ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? ዳባት ከዚያ በላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ 2850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ሳስቷል፣ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህሉ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ የሞቀ ዕቃ በደንብ አያቀዘቅዝም። 1000 ዋት የሚል ኢንቨርተር ላይ 1000 ዋት አይጫኑ፣ ማራገቢያውም የሚተነፍስበት ክፍት ቦታ ይኑረው።

ፓኔል ሲገዙ ከጽሑፉ ይልቅ ሜትሩን ይመኑ። በጠራ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን 1000 ዋት ገደማ ነው፤ ፓኔሉ ከዚያ አንድ አምስተኛውን ይቀይራል። ስለዚህ 100 ዋት ፓኔል ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይፈልጋል። ርዝመቱንና ወርዱን ለክተው ሲያባዙ 0.3 ካሬ ሜትር የሚመጣ ፓኔል «200 ዋት» የሚል ከተለጠፈበት ውሸት ነው። ከሻጩ ጋር መከራከር አያስፈልግም፣ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ገብሱን ሽጦ ለመጣ ገበሬ ይህን ሳይነግሩ መሸጥ በደል ነው።

ርካሹ ፒደብሊውኤም የሚባለው ኮንትሮለር ትልቅ ፓኔል ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲያገናኝ ከግማሽ በላይ ኃይል ይጥላል። 32 ቮልትና 9 አምፔር የሚሰጥ 290 ዋት ገደማ ፓኔል በእሱ በኩል ሲያልፍ ቮልቱ ወደ ባትሪው 13 ይወርዳል፤ ለባትሪው የሚደርሰው 120 ዋት ያህል ብቻ ነው። ኤምፒፒቲ የሚባለው ግን የቮልቱን ትርፍ ወደ አምፔር ይለውጠዋል። የዋጋውን ልዩነት ፓኔሉ ይከፍላል።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። 100 አምፔር ሰዓት የሚል ባለ 12 ቮልት የሊድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው 600 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ ምጣዱን የሚያቆየው 10 ደቂቃ ነው፤ ምጣዱ እንኳ በቅጡ አይግልም። እንጀራ ለጊዜው ከእንጨቱ ወይም ከመብራት ኃይል መስመር ጋር ይቆይ። ሳይታይ የሚበላ ሌላም አለ። ምንም ሳይሰካበት በርቶ የሚያድር ኢንቨርተር 15 ዋት ቢስብ በ24 ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይወስዳል። አምስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች አምስት ሰዓት ቢበሩ የሚወስዱት 125 ነው። አምፖሎቹን በቀጥታ ከ12 ቮልት አብርቶ ኢንቨርተሩን ለቴሌቪዥን ብቻ የሚከፍት ቤት ግማሽ ባትሪ አተረፈ ማለት ነው።

ሽቦስ? በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ 10 አምፔር 10 ሜትር ርቀት ሲሄድ ደርሶ መልሱ 1.4 ቮልት ይበላል፤ ከ12 ቮልት ላይ ይህ 12 በመቶ ነው። ያው ኃይል በ24 ቮልት ቢሄድ ኪሳራው 3 በመቶ ብቻ ይሆናል። መጋጠሚያውን በእጅ ዳስሰው ቢሞቅዎት መጋጠሚያው ላልቷል ወይም ሽቦው ቀጥኗል።

የአንዲት የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ የፓኔሉን ጥግ ብቻ ብትነካ የትልቁን ፓኔል አንድ ሦስተኛ፣ የትንሹን ግማሽ ልታጠፋ ትችላለች። ሴሎቹ በሲሪየስ ስለተያያዙ አንዱ ሲታፈን ሰልፉ ሁሉ ይታፈናል። ፓኔል ሲታጠብም በማለዳ፣ በንጹሕ ውሃና በጨርቅ ብቻ፤ ድስት የሚፈተግበት አመድ መስታወቱን ይቧጭረዋል።

አሁን ወደ ባትሪው። የቤት ሶላር ቶሎ የሚሞተው በባትሪው በኩል ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። 12 ቮልት የሚባል የሊድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 ቮልት ነው። 12.2 ላይ ግማሽ ነው፤ 11.9 ላይ ወደ ባዶ ቀርቧል። መለካት ያለበት ማታ ሁሉ ነገር ከጠፋ በኋላ ወይም ፀሐይ ሳትወጣ፣ ቻርጅም ጭነትም በሌለበት ነው። ቀኑን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ሲያርፍ 10.6 የሚል ከሆነ ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ሞቷል፤ እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ስለሚይዝ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። 12.6 አሳይቶ ቴሌቪዥኑ ሲበራ ወደ 10 ዘጭ የሚል ከሆነ ግን ሳህኖቹ በሰልፌት ደርቀዋል፤ ይህ የሚመጣው ባዶውን ለሳምንታት ከማስቀመጥ ነው። ክረምት ላይ፣ ሰሜን ተራሮች በጉም ሲሸፈኑ፣ ብዙ ባትሪ የሚበላሸው በዚህ መንገድ ነው። ሐምሌ ላይ ቴሌቪዥን መቀነስ ባትሪን ለዓመታት ያቆያል። የመኪና ባትሪም ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም፤ ሳህኖቹ ስስ ናቸው፣ ሞተር ለማስነሳት ለጥቂት ሰኮንድ ብዙ አምፔር ይሰጣሉ፣ በየሌሊቱ መጉደል ግን ይገድላቸዋል።

ብርድ እዚህም አለ። የሊድ ባትሪ ዜሮ ዲግሪ ላይ የሚሰጠው ከአቅሙ 80 በመቶ ያህሉን ነው። በብርድ ለመሙላትም ከፍ ያለ ቮልት ይጠይቃል፤ በ25 ዲግሪ 14.4 የሚበቃው ባትሪ 5 ዲግሪ ላይ ወደ 14.8 ይፈልጋል። የሙቀት መለኪያ ሽቦ የሌለው ኮንትሮለር ይህን አያውቅም፣ «ሞላ» ብሎ አረንጓዴ ያበራል፤ ባትሪው ግን በየቀኑ በትንሹ እየጎደለ ይሄዳል። ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጨነቅና ግጭ ከፍታ ሲወጣ ባዶ ባትሪ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ገደማ ላይ ሊረጋና ሊሰነጠቅ ይችላል። የሞላው ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ አይረጋም። ውሃው ሲጎድል የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፣ አሲድ አይደለም። ባትሪው ሲሞላ ሃይድሮጂን ስለሚወጣው ኩራዝም ሲጋራም አጠገቡ አይቅረብ፤ ሰው የሚተኛበት ክፍልም ቦታው አይደለም።

ሊትየም የገዙ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ የሊትየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ በታች ኃይል ይሰጣል፣ መሞላት ግን አይችልም። በንጋት ቻርጅ እምቢ ካለ ተበላሽቷል ብለው አይፍቱት፤ ውስጡ ያለው ተቆጣጣሪ እየጠበቀው ነው። ወደ ቤት ውስጥ አስገብተው ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ይዩት።

ሲገጠም ባትሪው ቀድሞ ከኮንትሮለሩ ጋር ይያያዛል፣ ፓኔሉ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሲፈታ ፓኔሉ ቀድሞ ይወጣል። ኮንትሮለሩ 12 ይሁን 24 ቮልት የሚለየው ባትሪውን አይቶ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሚቶ የተባለች የገጠር መንደር እ.ኤ.አ. በ1985 በ10.5 ኪሎ ዋት የጋራ ሶላር መብራት እንዳገኘች፣ በ1989ም ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ እንደተጨመረበት ያውቁ ኖሯል? በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ሬማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 የሶላር ሙያ ትምህርት ቤት ተከፍቶ የገጠር ወጣቶች ጠጋኝ ሆነው ወጥተዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ይመስለኛል፤ ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ ይኖራል፣ አጠገቡ ቴስተር መያዝ የሚችል ሰው ከሌለ ግን በሁለተኛው ዓመት ጣሪያ ላይ የተረሳ መስታወት ይሆናል።

ባትሪ ጨርሶ የሌለው የሶላር ፍሪጅም አለ። መስመር ያልደረሰባቸው ጤና ኬላዎች ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚያቆዩበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። የቀድሞዎቹ የሶላር ፍሪጆች ቀድመው ይበላሹ የነበረው በባትሪያቸው ምክንያት በመሆኑ አዲሶቹ ቀን ቀን በፀሐይ ውሃ ወደ በረዶ ይለውጣሉ፣ ሌሊቱንና ደመናማውን ቀን በዚያ በረዶ ይሻገራሉ።