ክሩንም መስመሩንም የሚሰማ ጆሮ

የሱዳኗ ከተማ የኦምዱርማን ዘፈን ለረጅም ዘመን ኡድ ከሚባለው የክር መሣሪያ ጋር የኖረ ዘፈን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በዚያችው ከተማ የተወለዱት ሸርሐቢል አሕመድም መጀመሪያ ያነሱት ኡድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን ኤሌክትሪክ ጊታር ይዘው ብቅ አሉ፤ ከጊዜ በኋላም ሕዝቡ «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» ብሎ ጠራቸው። ባለቤታቸው ዘኪያ አቡ ቃሲምም በእርሳቸው ባንድ ውስጥ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ የሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታር ተጫዋች ተብለው ይታወቃሉ።

ከኡድ ወደ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲታለፍ የሚለወጠው መሣሪያው ብቻ አይደለም፤ ድምፁን የሚሰማው ጆሮም ይለወጣል። የኡድ ድምፅ ከእንጨቱ ሆድ ወጥቶ በአየር በኩል ወደ ማይክሮፎን ይደርሳል። የኤሌክትሪክ ጊታር ጆሮ ግን ፒክአፕ ነው፤ ፒክአፕ ደግሞ አየሩን አይሰማም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ወደ 8,000 ጊዜ ያህል ይጠመጠማል። ከላይ ያለው የብረት ክር በማግኔቱ ጉልበት ራሱ ማግኔት ይሆናል። ክሩ በሰከንድ 440 ጊዜ ሲንቀጠቀጥ በጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ መስክም 440 ጊዜ ይዋዥቃል። የሚዋዥቅ መስክ በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር ማይክል ፋራዴይ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። ከዚህ የሚገኘው ቮልቴጅ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቮልት በታች የሆነ ትንሽ ነገር ስለሆነ አምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። የናይለን ክር ማግኔት ስለማይስበው ለፒክአፑ የለም ማለት ነው። የናይለን ክር ያለው ክራር ሥር ይህንኑ ፒክአፕ ብታስቀምጡ አንዳች አትሰሙም።

ችግሩ የሚመጣው ጥቅልሉ ክሩን ከሌላው መለየት ስለማይችል ነው። የሚዋዥቅ መስክ ከየትም ይምጣ ሁሉንም እኩል ይሰማል። የአምፕሊፋየሩ ትራንስፎርመር፣ የሸምበቆ መብራቱ ባላስት፣ ከመድረኩ ጀርባ የሚያጓራው ጄኔሬተር ሁሉም መስክ ይረጫሉ። በሱዳንም በኢትዮጵያም መብራት የሚሠራው በ50 ኸርዝ ስለሆነ በኦምዱርማንም በአዲስ አበባም የሚሰማው ያው «እምም» የሚል ድምፅ ነው። ይህ ድምፅ ለዝቅተኛዋ ሶል፣ ማለትም ለ49 ኸርዝ በጣም የቀረበ ነው፤ በላዩ ላይ የ100 እና የ150 ኸርዝ ተከታዮቹ ይደረቡበታል። አሜሪካ ውስጥ መስመሩ 60 ኸርዝ ስለሆነ እምምታውም ከፍ ይላል።

ብዙ ሰው መፍትሔው ጉልበተኛ ፒክአፕ መግዛት ይመስለዋል። ሽቦው 8,000 የነበረው 10,000 ዙር ቢሆን የክሩ ድምፅ በርግጥ ይጎለብታል፤ ግን እምምታውም አብሮ ይጎለብታል፤ አንዱ ከሌላው ሳይርቅ ሁለቱም ያድጋሉ። ከዚያም በላይ ዙሩ በበዛ ቁጥር ጥቅልሉ ቀጫጭኑን ድምፅ ማሳለፍ ይከብደዋል፤ ጊታሩ ጥራቱን አጥቶ ይታፈናል። ፒክአፑን ወደ ክሩ ማስጠጋት የክሩን ድምፅ ብቻ ቢጨምርም ከልክ ካለፈ ማግኔቱ ክሩን እየጎተተ ቅኝቱን ያዛባዋል።

የታወቀውን መልስ ያበጀው ለጊብሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ሴዝ ላቨር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1955 የባለቤትነት መብት ጠየቀበት። መልሱ ስሌት ነው። ክሩ ለአንዱ ጥቅልል 3፣ እምምታው ደግሞ 1 ይስጠው እንበል። ከጎኑ ሁለተኛ ጥቅልል በተቃራኒ አዙረን እናስቀምጥ፤ በዚህኛው ውስጥ እምምታው −1 ይሆናል፤ የክሩም ድምፅ ይገለበጣል። የዚህኛውን ማግኔት ደግሞ እንገልብጠው። እምምታው የማግኔቱን መገልበጥ አያውቅም፤ የክሩ ድምፅ ግን ሁለት ጊዜ ተገልብጦ ወደ 3 ይመለሳል። ሁለቱን ስንደምር ክሩ 6፣ እምምታው 0። ዋጋው ግን አለ፦ ድርብ ጥቅልል ድምፁን ያወፍረዋል፤ የነጠላውን ጥርት ያለ ጠርዝ አይሰጥም። ነጠላ ጥቅልል እስከ ዛሬ የሚወደደውም በዚህ ምክንያት ነው።

ነጠላውን ለሚወድ ሰው የሚሆን ዘዴ አለ። ጊታሩን እንደያዛችሁ በዝግታ ዙሩ፤ በአንድ አቅጣጫ ላይ እምምታው ይሰክናል፤ ጥቅልሉ ለመስኩ ጎኑን የሰጠበት ቦታ ነው። ከአምፕሊፋየሩ ሁለት እርምጃ ራቁ። ክሩን ስትነኩ የሚጠፋ የዝንብ ዓይነት ጥዝዝታ ካለ ደግሞ ያ ሌላ ነው፤ ከኤሌክትሪክ መስክ የሚመጣ ስለሆነ የጊታሩን ውስጥ በመዳብ ወረቀት ሸፍኖ ከግራውንድ ማገናኘት ይቀንሰዋል። እምምታውን ግን የመዳብ ወረቀት አያቆመውም።

ድምፁን ለማጥፋት ብሎ የአምፕሊፋየሩን የግራውንድ ሽቦ መቁረጥ ግን በፍጹም አይገባም። የጊታሩ ክሮች በኬብሉ በኩል ከአምፕሊፋየሩ የብረት አካል ጋር የተገናኙ ናቸው። ግራውንድ በሌለበት ውስጡ ቢበላሽ መብራቱ መንገዱን የሚያገኘው በተጫዋቹ እጅ ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በተነሣው ጦርነት ብዙ ሱዳናውያን ሙዚቀኞች ከኦምዱርማንና ከካርቱም ተሰደዋል፤ አዲስ አበባ የደረሱም አሉ። እዚህም አምፕሊፋየር ሲከፍቱ የሚቀበላቸው የሚያውቁት የ50 ኸርዝ ድምፅ ነው። መድረክና አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ፣ ለእነርሱም ለእኛዎቹም ግራውንዱ የተሟላ ሶኬት አዘጋጁ፤ ጄኔሬተሩንም ከመድረኩ አርቁት። የሰው እጅ የመታው ክር ጎልቶ ሊሰማ ይገባዋል።